የመብራትና የማገዶ መወደድ የሚያነሣው የኅሊና ጥያቄ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንዱን፣ የጎልማሶችን ትምህርት ጨርሶ ወንበር በመሰብሰብ ላይ ሳለ፣ አንዲት እናት ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ «መምህር፣ ከቆጣሪው በፊት በተሳበ ሽቦ እንጀራ መጋገር ኃጢአት ነውን?» ሲሉ ጠየቁት። መምህሩ ሰባተኛውን ትእዛዝ ለልጆች በየዓመቱ ያስተምራል፤ መልሱ በአፉ ላይ ነበረ። ሆኖም የጠያቂዋን ኑሮ ያውቅ ስለ ነበር ቃሉን ዋጥ አድርጎ «እስቲ ጠይቄ ልንገርዎት» ብሎ አሰናበታቸው። ጥያቄው ከእርሱ ይህን መጽሔት ወደምናዘጋጀው ወደ እኛ ደረሰ። እኛም መጀመሪያ ላይ ግማሽ ገጽ የሚበቃው መስሎን ነበር።

እኒህ እናት ባል የሞተባቸው፣ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከሌሎች አራት ቤተሰቦች ጋር አንዳንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ለአምስቱ ቤተሰብ ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። አከራዩ የወሩን ክፍያ በየአምፖሉና በየሶኬቱ እየቆጠሩ ያካፍላሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ፈጽሞ ከልክለዋል። ከተከራዮቹ አንዱ የእጅ ባለሙያ ነውና አንድ ሌሊት ከምሰሶው በሚመጣው መስመር ላይ ሽቦ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ግቢው በሙሉ በየተራ በዚያ ሽቦ ሲጋግር ከረመ። እኒህ እናትም ተራቸው ሲደርስ ይጋግሩ ነበር፤ ሲጋግሩ ግን ልባቸው አልተረጋጋም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድመን ዋጋውን ራሱን እንመልከት። በሀገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለወጥ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የጤፉም፣ የሽንኩርቱም፣ የቤት ኪራዩም ዋጋ ሲያሻቅብ የመብራት ዋጋ ባለበት ስለ ቆመ፣ ብዙዎቻችን ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን እስከ መርሳት ደርሰን ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ በየደረጃው የሚፈጸም ጭማሪ ተጀመረ፤ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ግን በቀድሞው ዋጋ፣ ማለትም ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ፣ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ጭማሪ መጣ፤ በዚህኛው ዝቅተኛ ተጠቃሚዎች ድጎማ ባይቋረጥባቸውም ከጭማሪው ፈጽመው አላመለጡም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለመስመር ዝርጋታው ከሚያስፈልገው ዕቃ ብዙው ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነውና የዚህ ነገር ዳፋ ለቢላችን መትረፉ አልቀረም።

«ታዲያ ግድቡ አልቆ የለምን?» የሚለው ጥያቄ በየዕድሩ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነው። ለዚህ ሥራ ደመወዝተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም ቦንድ ገዝቷል። ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ የሠራው ነገር ሲያልቅ ሸክሙ የሚቀልለት መስሎት ቢጠብቅ አያስደንቅም። እርግጥ ነው፣ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር፣ የመነጨውን ኃይል ከጉባ አንሥቶ እስከ አንዲት መበለት ጓዳ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ምንጩ በበረታ ጊዜ እንስራው በራሱ አይሞላም፤ መስመሩ፣ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ የተበደሩት ገንዘብ ወለድ፣ ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ይሁን እንጂ ይህን ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ ያለበት ዋጋውን የሚወስነው ክፍል ነው። ከደመወዙ ቆርጦ የሰጠን ሰው «አንተ አታውቀውም» ብሎ ማለፍ ዋጋ ከመጨመር የባሰ ቅሬታ ይተዋል።

እዚህ ላይ ለራሳችን የማይመች አንድ ነገር መናገር ይኖርብናል። ዋጋው ርካሽ በነበረባቸው ዓመታት ርካሽነቱ ለሁሉ አልነበረም። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው እስከ ዛሬ መስመር አልደረሰውም፤ ከደረሰውም ቢሆን አብዛኛው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱትን እኅቶች አዲስ አበባን ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማይቱ ማገዶ፣ ለእነዚህ ሴቶች ደግሞ በአንድ ጊዜ እንጀራም ጀርባ አጉባጭም ሆነ። ለእነርሱ ታሪፍ የደጎመላቸው ማንም የለም። በርካሽ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የበረንዳ አምፖል ሲያበሩ የኖሩና በጭስ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች በአንድ ቁምስና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀድሰዋል። ስለዚህ «ዋጋ ጨመረ» እያልን ስናማርር የማን ዋጋ ማለታችን እንደ ሆነ ብንጠየቅ መልስ ሊኖረን ይገባል።

ወደ ግቢው እንመለስ። በታሪፉ አሠራር አንድ ቆጣሪ የሚያነበው መጠን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት የሚጠቀም ይደገፍ ማለት ነው። ነገር ግን ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም። አምስቱ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ሁሉም ከ50 በታች ናቸው፤ ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ ግን 150 ይሆናሉ፤ ቆጣሪውም አንድ የተደላደለ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት አድርጎ ያነባቸዋል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። በጋራ ቆጣሪ ላይ ተረቱ ይገለበጣል፤ ሃምሳው ለአንድ ቤት ጌጥ ሲሆን ለብዙ ቤት ሸክም ይሆናል። ድኻን ለመርዳት የወጣው ደንብ ከድኻው ሁሉ ይልቅ ድኻ የሆነውን፣ የራሱ ቆጣሪ ለማስገባት የቤት ባለቤትነት የሌለውን ተከራይ፣ ሳይደርስበት ያልፋል። ይህ የማንም ተንኮል ላይሆን ይችላል። የማንም ተንኮል ያልሆነ ነገር ግን የማንም ኃላፊነት አይደለም ማለት አይደለም።

በዚህ ጉድለት ላይ የአከራዩ ድርሻ ይመጣል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ሽያጭና ግዢ ሲያስተምሩ ዛሬም ለግቢያችን የሚሆን ልዩነት አስቀምጠዋል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ ያን ጉዳት በዋጋው ላይ ቢጨምር ግፍ አይደለም። ነገር ግን ሻጩ ምንም የሚጎድልበት ሳይኖር፣ ገዢው እጅግ ስለ ተቸገረ ብቻ ዋጋ ቢጨምር ያላግባብ ወስዷል፤ ምክንያቱም ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ ንብረት አይደለምና፣ የራሱ ያልሆነውን ሸጧል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አከራይ በእውነት የከፈለውን፣ የቋሚ አገልግሎት ክፍያውን፣ የተቃጠለውን ፊውዝና የተበላሸውን ገመድ ጭምር፣ ለተከራዮቹ ቢያካፍል ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ተከራዩ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ብቻ የአምፖሉን ዋጋ ከፍ አድርጎ ከቆጣሪው ትርፍ የሚያወጣ ግን የሚሸጠው መብራት ሳይሆን የተከራዩን ጭንቀት ነው።

ይህን ስንጽፍ አከራዮችን በጅምላ መክሰስ አልፈለግንም። በዚህ ጉዳይ ያነጋገርናቸው አንድ ጡረተኛ አባት የነገሩን አለ። በእርሳቸው ግቢ ሁለት ጊዜ መስመሩ ተቃጥሏል፤ አንዴም ጣሪያ ሊያያዝ ለጥቂት ተርፏል። ምጣድ የከለከሉት በክፋት ሳይሆን ቀጭኑ ገመድ ሦስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ስለማይችል ነው። «ልጆቼ፣ እኔ ስተኛ እነርሱ ይተኩሳሉ፤ ቢሉ የሚመጣው ግን በእኔ ስም ነው» አሉን። እውነት አላቸው። ሆኖም አንድ ነገር ጠየቅናቸው፦ ቢሉን ለተከራዮቹ አሳይተው ያውቃሉን? ጥቂት ዝም ብለው «ድሮ ወረቀቱ ሲመጣ ግድግዳ ላይ እንለጥፈው ነበር፤ አሁን በስልክ ነው የምከፍለው» አሉ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ለውጥ ይህ ነው። ክፍያው በስልክ መሆኑ ከሰልፍ አድኖናል፤ ነገር ግን በጋራ ቆጣሪ በሚኖርበት ቤት ሒሳቡ ከግድግዳ ወርዶ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል። የማያዩትን ሒሳብ የሚከፍሉ ሰዎች፣ ሒሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ እንደ ተበደሉ ይኖራሉ።

የራሳችንንም ጉድ ሳንደብቅ እንናገር። ይህን ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ሳለን ከመካከላችን አንዱ፣ ቁምስናችን በግቢው ውስጥ ለሠራተኞችና ለተማሪዎች የሚያከራያቸው ክፍሎች እንዴት እንደሚከፍሉ ጠየቀ። ከስድስት ዓመት በፊት በግምት የተቆረጠ ሒሳብ ነው፤ ማንም ከቆጣሪው ጋር አስተያይቶት አያውቅም። ሲሰላ ተከራዮቹ የአዳራሹን መብራትና የድምፅ ማጉያውን ጭምር ሲከፍሉ እንደ ኖሩ ታወቀ። የቁምስናው ምክር ቤት ሒሳቡን አስተካክሏል፤ ያለፈውን ስለ መመለስ ግን ክርክሩ ገና አላለቀም። እኛ መመለስ አለበት ከሚሉት ወገን ነን።

አሁን ወደ ሽቦው። የመስመር ጠለፋን በቀላሉ የሚያዩ ሰዎች «ከመንግሥት ነው የወሰድነው፣ ከማንም አልሰረቅንም» ይላሉ። ይህ አባባል በሁለት እግሩ አይቆምም። ሳይቆጠር የሚወሰደው ኃይል የሆነ ሰው ይከፍለዋል፤ የጠፋው ኃይል ወጪ ሆኖ ተመልሶ በታሪፍ ላይ ይታሰባልና፣ ከፋዩ በሰዓቱ የሚከፍለው ጎረቤት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ከታሰበለት በላይ ሲጫንበት ይቃጠላል፤ በዚያን ጊዜ ጨለማው ጠላፊና ከፋይ አይለይም። ጨለማ ያመጣውን ኪሳራ ደግሞ ይበልጥ የሚሸከሙት ወፍጮ ቤቱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ መድኃኒት ያስቀመጠው በሽተኛ ናቸው። አደጋውንም አንርሳ፤ በሌሊት በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ የሕፃናት መጫወቻ ግቢ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ልብ ይበላል።

ይሁን እንጂ እኚሁ ቅዱስ ቶማስ በሌላ ስፍራ፣ ግልጽና አስቸኳይ የሆነ ችግር ያጋጠመው፣ ሌላም መውጫ ያጣ ሰው ከሌላው ሀብት ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ቢወስድ በእውነተኛው ትርጓሜ ሌብነት እንደማይባል ያስተምራሉ። ይህን ትምህርት ለማስተማር የሚፈሩ መምህራን አሉ፤ ሁሉም ሰው «እኔም ተቸግሬአለሁ» ይላል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸውን እንረዳለን። ግን ትምህርቱ ሁለት ጠርዝ ያለው ነው፤ ለተቸገረው ምሕረት ያደርጋል፣ ያልተቸገረውን ግን ራቁቱን ያስቀረዋል። ምግብ ቤት ከፍቶ ሦስት ምጣድ በተጠለፈ መስመር የሚያስጋግር ሰው፣ ወይም ቆጣሪው ዘግይቶ እንዲያነብ ለሠራተኛ ጉቦ የሚሰጥ ባለ ፎቅ በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። የእኒህ እናት ጉዳይ በመካከል ነው። ልጆቻቸው አይራቡም ማለት አንችልም፤ ሌላ መውጫ ፈጽሞ የለም ማለትም አንችልም። ስለዚህ መምህሩ እንዲነግራቸው የመከርነው ይህን ነበር፦ ሽቦው ትክክል አይደለም፣ መቅረትም አለበት፤ ነገር ግን እርስዎን ሽቦውን አስቀርተው በጨለማና በረኀብ ላይ እንዲተዉ የሚያደርግ ቁምስና ካለ፣ መጀመሪያ መናዘዝ የሚገባው ቁምስናው ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የወፍጮ ድንጋይ በመያዣነት እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ የድኻን ወፍጮ የያዘ ሕይወቱን ይዟልና። በዛሬው ግቢ ወፍጮው ምጣዱ ነው። ምጣድ የተከለከለ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደምንጠብቅ ሳንናገር ሽቦውን ብቻ ማውገዝ አይቻለንም።

«ቆጥቡ» የሚለውም ምክር ቢሆን ለማን እንደሚነገር መለየት አለበት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባስተላለፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ የማያስፈልግ መብራት ማጥፋትን፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ማብሰልን የመሳሰሉ ትንንሽ ልማዶችን ከፍጥረት ፍቅር ጋር አያይዘው አስተምረዋል። ይህ ቃል በትልቅ ቤት ለምንኖር፣ ቴሌቪዥን ሳይታይ ለምናስጮኽ፣ ሙቅ ውኃ ማሞቂያውን ለማንነቅል ለእኛ የተነገረ ነው። አንድ አምፖል ላላት ሴት «አምፖልሽን አጥፊ» ማለት ግን ምክር አይባልም። ነቢዩ ኤልያስ የሰራፕታን መበለት ያገኛት ለመጨረሻዋ እንጎቻ ጥቂት ጭራሮ ስትለቅም ነበር። አስቀድመሽ ለእኔ ጋግሪ ማለቱን ብዙ ጊዜ እንሰብካለን፤ ከዚያ በኋላ ከቤቷ ተቀምጦ የበላችውን እየበላ ብዙ ቀን መኖሩን ግን አንጠቅስም። ከድኻ ቤት ሳይቀመጡ ስለ ድኻ ማገዶ መምከር ቀላል ነው።

ይህን ካልን በኋላ በእጃችን ያለውን እንመልከት፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ነገር የምጣድ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባሉ። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር፣ በሳምንት ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ፣ በአራት ሳምንት 42 ይፈጃል። በዝቅተኛው ዋጋ ከሚገኘው 50 ውስጥ የሚቀረው 8 ብቻ ነው። በአንጻሩ 9 ዋት የሚስብ አዲሱ ዓይነት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአምፖል የሚጣሉ ጎረቤቶች በማይረባ ነገር ይጣላሉ። አከራዮች በየአምፖሉ መቁጠራቸውም ከእውነቱ የራቀ ሒሳብ ነው።

ምጣድ እስኪሰማ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ባዶውን ይነዳል፤ በዚህ ጊዜ ብቻ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ይሄዳል። አምስት ቤተሰብ በአምስት ቀን ለየብቻው ቢጋግር አምስት ጊዜ ባዶ ምጣድ ያሞቃል። በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ግን ማሞቂያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንዱ ዙር 3.5፣ በሳምንት ሁለት ዙር ቢሆን በወር 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ለግቢው ይተርፋል። ሌላም አለ። የምጣዱ ሸክላ ሙቀት ይይዛልና የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማጥፊያውን ነቅሎ መጋገር ይቻላል፤ ከዚያም በቀረው ሙቀት ቆሎ ይታመሳል፣ ድርቆሽ ይደርቃል። አከንባሎው በደንብ የሚገጥም መሆኑን ማየት፣ ባቄላና ሽምብራን ከማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስት ሳይከድኑ አለማፍላት፣ እነዚህ እናቶቻችን ሳይነገራቸው የሚያውቋቸው ናቸው። እኛ ወንዶች ግን ስለማናውቃቸው እዚህ ጻፍናቸው።

መስመር ለሌላቸው ወይም በከሰልና በእንጨት ለሚኖሩ ጉዳዩ ሌላ ነው። ላምባ በአንድ ወቅት ለከተማ ድኻ ትልቅ መጠጊያ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ፣ በኋላም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲቀነስ፣ የላምባ ምድጃዎች ከብዙ ቤት ወጡ። የከሰሉ ዋጋ ደግሞ እንደ ኪሱ መጠን ይለያያል። ማዳበሪያ ሙሉ የሚገዛ በርካሽ ያገኛል፤ በየቀኑ በፌስታል የሚገዛው ያንኑ ከሰል በውድ ይገዛል። ድኽነት ራሱ ዋጋ የሚያስከፍልበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው። ዕድራችን ለቀብር ድንኳን የሚገዛውን ያህል ክረምት ሳይገባ ከሰል በጆንያ ገዝቶ ለአባላቱ በመጣበት ዋጋ ቢያካፍል ምን ይከለክለዋል? «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያድናል፤ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ የሚደርስ ይቀንሳል፣ ጭሱንም ይገታል። ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ ሆኖም ለአንድ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ በአንድ ላይ የሚወጣ ስለሆነ ብዙ ቤት አልገቡም። ለዚህ ዕቁብ የተፈጠረ ይመስለናል።

ከጓዳ ውጪ የሚደረግም አለ። ቆጣሪን በራስ ማንበብና በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቁጥሩን መጻፍ የትምህርት ቤት ልጅ ሥራ ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ቅሬታ ሲቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ብቻውን ሄዶ የሚያመለክት ሰው «ነገ ና» ይባላል። የዕድር ሊቀ መንበር፣ የሰፈር ሽማግሌና የግቢው ተከራዮች አንድ ላይ ፈርመው ለየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባ ወይም የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ በቤተሰብ ቁጥር እንዲታሰብ ቢጠይቁ፣ ቢያንስ ጥያቄው መዝገብ ላይ ይወጣል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ነገር ጸሐፊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ማመልከቻ መጻፉም ከትምህርቱ የተለየ ሥራ አይመስለንም።

የእኒህ እናት ግቢ የደረሰበትን ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል። መምህሩ ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምእመን ጋር ሄዶ አከራዩን አነጋገረ። ሽቦው ወረደ። ከቆጣሪው እስከ ማእድ ቤቱ ወፍራም ገመድ ተዘረጋ፤ የገመዱን ግማሽ ዋጋ አከራዩ፣ ግማሹን አምስቱ ቤተሰቦች በዕቁብ ከፈሉ። ምጣዱ አንድ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ይሰካል፤ የወሩ ቢል ከስልክ ላይ ተገልብጦ በር ላይ ይለጠፋል። የሚጋግሩት እንደ እንጀራው ብዛት ይከፍላሉ። ክፍያው ከሽቦው ዘመን ይበልጣልና ከተከራዮቹ አንዱ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። ሌላም ያልተፈታ ክርክር አለ። ምጣዱ ገና በደንብ ሳይሰማ የሚጣለው የመጀመሪያው እንጀራ ስለሚበላሽ ማንም የመጀመሪያው ተራ እንዲደርሰው አይፈልግም፤ በየሳምንቱ ዕጣ ይጣላል፣ ዕጣው የወጣባትም ሴት በመጨረሻ ነቅሎ የሚጋገሩትን ሁለት እንጀራዎች እንድትወስድ ተስማምተዋል።